ማማረር ልማድ ሆኖብናል ላሉት፦ የአስቤዛ ደብተራችን መልስ አለው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዱ የቢሮ ባልደረባዬ ነው፤ «አንብበው፣ ልክ ልካችንን ነግሮናል» ብሎ። ሌላዋ አክስቴ ናት፤ እሷ ያገኘችውን ሁሉ ነው የምትልከው። ሦስተኛው የቤት አከራያችን ናቸው። የእሳቸው ነገር ትንሽ አሳሰበኝ። አከራይ «ማማረር ተው» የሚል ጽሑፍ ሲልክ ከኋላው የሚመጣ ነገር አይጠፋም።

ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። ግን አይሳደቡም፣ ነገር አያንዛዙም፤ አንዳንድ ቦታ ላይም እውነት አላቸው። እኔም ሐሳባቸውን ሳላጣምም አስቀምጬ ልመልስ።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የዋጋ ንረቱ ወርዷል፣ ኢኮኖሚው እያደገ ነው፤ «ኑሮ ከበደኝ» የሚል ሰው ቁጥር አያይም። ያጎደለን አባካኝነታችን ነው፤ ድግስ፣ ስልክ፣ ማኪያቶ፤ አንቆጥብም። ዋጋ የሚያንረው ስግብግብ ነጋዴ ነው፣ መንግሥት ምን ያድርግ? ደመወዝም ተጨምሯል፣ የሥራ ግብርም ተቀንሷል። ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው። በመጨረሻም፣ ማማረር ዳቦ አይሆንም፤ ፖለቲካውን ለፖለቲከኛ ትተን ሁላችንም ሥራችንን እንሥራ።

እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። በየወሩ የመቶ ምናምን ሰው ፔሮል በእጄ ያልፋል። ባለቤቴ ደግሞ ከተጋባንበት ከ2010 ጀምሮ የአስቤዛ ደብተር ትይዛለች። ሽፋኑ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ግን ቁጥሩ ይነበባል። ስለዚህ «ቁጥር አያይም» የተባለው እኛን አይመለከትም።

በቁጥሩ እንጀምር። የዋጋ ንረቱ መውረዱ እውነት ነው። በግንቦት 2014 ወደ 37 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2017 መጨረሻ ላይ 13 በመቶ ገደማ ሆኗል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ያመጣው ሰው ቢመሰገን አልቃወምም። ጸሐፊው የሳቱት ግን አንድ ተራ ነገር ነው። የዋጋ ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም።

100 ብር የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ 30 በመቶ ቢጨምር 169። በሦስተኛው ዓመት «ንረቱ በግማሽ ቀነሰ» ተባለ እንበል፣ 15 በመቶ ሆነ። ዕቃው 194 ብር ገባ። ዜናው «ቀነሰ» ይላል፣ ባለሱቁ «ጨምሯል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ዳገት የሚወጣ መኪና ማርሽ ስለቀነሰ ቁልቁል ወረደ አይባልም።

ደብተሩን ልግለጠው። ጥቅምት 2010 ላይ አንድ እንቁላል 4 ብር ተብሎ ተጽፏል። ዘንድሮ ጥቅምት 18 ብር። ጤፍ በኩንታል 2,600 ብር ነበር፤ ዘንድሮ 14,000። የኔ ደመወዝ በዚያን ጊዜ 6,500 ብር ነበር፣ አሁን 19,500 ነው። ሦስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። «ደመወዜ ሦስት እጥፍ ሆኗል» ብዬ ለሰው ብናገር ጉድ ይባላል። እንቁላሉ ግን አራት እጥፍ ተኩል ሆኗል፣ ጤፉ አምስት እጥፍን አልፏል። በ2014 ገጽ ላይ ደግሞ ከዘይት ትይዩ ቁጥር የለም። ባለቤቴ «የለም» ብላ ጽፋዋለች። ለሁለት ሳምንት ያህል «የለም»፣ «የለም»፣ ከዚያ አንድ ቀን ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩ ሲመጣ «የለም» የሚለው ይሻል ነበር ያሰኛል።

ኢኮኖሚው አላደገም አልልም። መንገዱም፣ ሕንጻውም፣ መብራቱም ይታያል፤ ዓይን ያለው ይመሰክራል። ነገር ግን የአገር ዕድገት ድምር ነው። ድምሩ ሲያድግ የኔ ድርሻ ሊያንስ ይችላል። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፣ ዕቁብ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጠቅላላው ዕጣ ቢተልቅም ደርሶት የሚበላው ባለዕጣው ነው።

አባካኝነት የሚለው ነጥባቸው ላይ ግማሹን እጄን አውጥቼ እቀበላለሁ። የወንድሜን ሠርግ የደገስነው በብድር ነው። ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረን ሦስት ዓመት ከፈልን። የቪዲዮው ዋጋ ብቻ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ቪዲዮውን ከሠርጉ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ይህን ተዉ ቢሉን ልክ ናቸው።

ማኪያቶው ላይ ግን እንቆጣጠር። በሥራ ቀን አንድ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው፣ ስኒውን 50 ብር ብንለው፣ በወር 1,300 ብር ያወጣል። ይተው እሺ። የኛ ኪራይ 12,000 ብር ነው። ማኪያቶውን ዓመት ሙሉ ትቶ የሚተርፈው ገንዘብ የአንድ ወር ከዐሥር ቀን ኪራይ አይሞላም። ስልክ ደግሞ ቅንጦት መሆኑ ቀርቷል። ከ2015 ወዲህ ነዳጅ እንኳን የሚቀዳው በቴሌብርና በመሰሎቹ ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራት ክፍያ፣ ሁሉም በስልክ ነው። ስልክ ያዝ ብሎ አስገድዶ፣ ስልክ ገዛህ ብሎ መውቀስ አይሆንም።

«አንቆጥብም» ያሉት ግን ከሁሉም ይበልጥ ያናደደኝ ነው። ይህ ሕዝብ ይቆጥባል። ዕቁብ ይጥላል፣ ዕድር ይከፍላል፣ ባንክ ያስቀምጣል። ባንክ ያስቀመጠው ምን እንዳገኘ ደግሞ እኔ ልንገራቸው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ንረቱ 30 በመቶ በነበረበት ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 አገኘ። በ10,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ገብቷል። ቆጣቢው 2,300 ብር ጎደለበት። ገንዘቡን ወዲያው ብረት ወይም ቆርቆሮ የገዛበት ጎረቤቱ አተረፈ። እንግዲህ ማን ነው አባካኙ?

በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ሲቆጥቡ የኖሩትን ያስቧቸው። ከነሱ ውስጥ ዛሬም ዕጣቸውን የሚጠብቁ አሉ። ሐምሌ 2014 ላይ የወጣው ዕጣ ደግሞ ሲስተሙ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፤ ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሳት አንዲት የሥራ ባልደረባችን ነበረች። ዕልል ብለን፣ ኬክ ቆርሰን፣ ለስላሳ ከፍተናል። ሲሰረዝ ማንም ምንም አላላትም። ለሳምንት ያህል ወደ እሷ ጠረጴዛ በኩል ማለፍ ራሱ ከብዶን ነበር። እሷን ቆጥቢ ብሎ የሚመክር ካለ ድፍረት ይስጠው።

ሦስተኛው የነጋዴው ጉዳይ ነው። ዕቃ የሚደብቅ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር፣ «ዶላር ጨመረ» ሲባል መጋዘኑ ውስጥ ከዓመት በፊት በገባው ዕቃ ላይ ዋጋ የሚለጥፍ ነጋዴ አለ። አይቻለሁ፣ ተናድጃለሁም። ሆኖም ስግብግብነት የዋጋ መናርን ለማስረዳት አይበቃም። ነጋዴው በ2008ም ትርፍ ይወድ ነበር። በ2014 በድንገት ሦስት እጥፍ ስግብግብ ሆነ ካልተባለ በቀር፣ በመካከል ሌላ የተለወጠ ነገር መኖር አለበት።

በርግጥም አለ። ጦርነት ነበር። የበጀቱን ጉድለት ለመሙላት መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር፤ ይህ በተራ አማርኛ ብር አትሞ ማውጣት ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ብሔራዊ ባንክ ራሱ በነሐሴ 2015 ንረቱን ለመያዝ እርምጃ ሲያውጅ፣ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚወስደውን ብድር ገድቧል፣ ባንኮች የሚሰጡት ብድርም በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀምጧል። ችግሩ የሽንኩርት ነጋዴ ስግብግብነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብድሩን መገደብ ለምን አስፈለገ? ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ፖሊሲው ትክክል ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ጥቁር ገበያው እንዳለ እያየን የባንኩን ምንዛሪ በ57 ማስቀመጥ ቀልድ ነበር ይላሉ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የመኪናው ጎማም ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ኬላው አለ። ከጎጃም ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ የጤፍ መኪና ስንት ቦታ ቆሞ ስንት እንደሚከፍል ሾፌሮቹን መጠየቅ ነው። ይህን ሁሉ ትቶ ባለሱቁን ብቻ መክሰስ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል።

ወደ ደመወዙ ልምጣ፤ ይህ የኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በርግጥ ተጨምሯል። ዝቅተኛው ከ1,500 ወደ 4,760፣ ቀጥሎም ከመስከረም 2018 ጀምሮ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500። ትንሽ ነው አልልም። ግን ጽሑፉ «ደመወዝ ተጨምሯል» ሲል በመላ አገሪቱ ለሚሠራ ሰው ሁሉ የተጨመረ ያስመስለዋል። የግል ድርጅት ሠራተኛስ? ቀን ሠራተኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156፣ በ2011 ሲወጣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ጽፏል። ስድስት ዓመት አለፈ። ወለሉ እስካሁን የለም።

ለኛ ቢሮ ጥበቃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ተቀጣሪነታቸው በኤጀንሲ ነው። ድርጅታችን ለኤጀንሲው የሚከፍለውና እሳቸው እጅ የሚገባው አይገናኝም። አንድ ቀን የደመወዝ ወረቀታቸውን አራት አጥፈው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ አንተ ሂሳብ ታውቃለህ አሉ። ይሄ የሚቆረጠው ምንድነው?»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። ደመወዝ 3,000 ብር። የሥራ ግብር 307 ከ50። ጡረታ 210። የተጣራ 2,482 ከ50።

«ይሄኛው የመንግሥት ግብር ነው ጋሼ። ይሄኛው ለጡረታዎ የሚቀመጥ ነው።»

«ለጡረታ?» ብለው ሳቁ። «ስልሳ ስድስቴን ይዣለሁ እኮ።»

ይህ ከሐምሌ 2017 በፊት ነው። ያኔ የምንሠራበት የግብር ሠንጠረዥ በ2008 የወጣው ነበር። ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ይከፍላል። ከ10,900 ብር በላይ ባለችው እያንዳንዷ ብር ላይ ደግሞ 35 ሳንቲም ይቆረጣል። በ2008 መጨረሻ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ነበር። ያኔ ይህን የሚያገኝ ሰው ደህና ባለደመወዝ ነው፣ ትልቁን ግብር ይክፈል ቢባል ያስኬዳል። በ2017 ክረምት ግን ያው 10,900 ብር ወደ 80 ዶላር ወርዷል። ሠንጠረዡ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነካም። ስለዚህ የ80 ዶላር ሰው የ500 ዶላር ሰው ግብር ሲከፍል ኖረ። አዲስ ግብር ሳይታወጅ፣ ፓርላማ እጅ ሳያወጣ፣ የኑሮ ውድነቱ ራሱ ሰዉን ከታችኛው እርከን ወደ ላይኛው ገፋው። በየወሩ ፔሮሉን ስዘጋ የማየው ነገር ይህ ነበር።

አሁን ተሻሽሏል። ከግብር ነጻ የሆነው 2,000 ብር ሆኗል፤ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ነው። ጸሐፊው ይህን መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ስሌቱን ግን አልሠሩትም፣ እኔ ልሥራው። 14,000 ብር ደመወዝተኛ ድሮ 3,400 ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 2,850። በወር 550 ብር ተረፈው። የጥበቃችን 307 ከ50 ደግሞ ወደ 150 ወረደ። 157 ብር ከ50 ሳንቲም አተረፉ። በዛሬ ዋጋ ስምንት እንቁላል ነው። ከስምንቱ በኋላ 13 ብር ከ50 ትተርፋለች፣ ዘጠነኛውን ግን አትገዛም።

ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የዩክሬን ጦርነት ስንዴውንም፣ ማዳበሪያውንም፣ ነዳጁንም አስወድዷል፤ እውነት ነው። ኬንያም ግን ያው ዓለም ውስጥ ናት፣ ነዳጅም ስንዴም ከውጭ ታስገባለች። ጦርነቱ በተነሳበት በ2022 (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ንረት ከፍተኛው 9.6 በመቶ ነበር። የኛ ከ30 በላይ። የዓለሙን ለዓለም ሰጥተን የቀረውን ለራሳችን ማስቀረት ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ማማረር ዳቦ አይሆንም፣ ሥራችሁን ሥሩ የሚለው ነው። ሥራዬን ልሥራ ብዬ ነበር ባለፈው ወር። አንድ ማስረጃ ለማውጣት ወረዳ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ በፊቴ ዐሥራ አራት ሰው አለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ሠራተኛ ብቅ ብላ «ሲስተም የለም» አለች። መቼ እንደሚመጣ ሲጠየቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፤ እውነቷን ነው፣ እሷም አታውቅም። አጠገቤ ጨቅላ የታቀፈች ሴት የልደት ሰርተፊኬት ለማውጣት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ለዚህ አንዲት ወረቀት ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን ሄደ። በሌላ በኩል መሶብ የሚሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል፤ የሄዱ ጓደኞቼ ቶሎ ጨረስን ይላሉ፣ ደስ ይላል። እሱም ቢሆን የተከፈተው ሕዝቡ በቢሮ መመላለስ ተማሮ ስለተናገረ አይመስላቸውም?

ማማረር የሚያመጣው ነገር መኖሩን ታሪካችን ያውቃል። የካቲት 1966 ነዳጅ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄና አዲሱን የትምህርት ዕቅድ በመቃወም አድማ መቱ። የንጉሡ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ዝቅ አደረገ፣ የትምህርቱንም ዕቅድ አዘገየ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጣጣ ሌላ ነው፤ ብሶት ሰሚ ሲያጣና ሌላ ሲቀልበው ወዴት እንደሚሄድ ማሳያ ነው ካሉኝ እቀበላለሁ። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አነስተኛ ነጋዴዎች በየከተማው ሱቅ ዘጉ፤ የብዙዎቹ ግምት እንደገና ታየ። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች «ደመወዛችን አላኖረንም» ብለው ሥራ አቆሙ። የታሰሩ ነበሩ። በነሐሴ የደመወዝ ጭማሪው ተነገረ። ያመጣው የእነሱ ጩኸት ብቻ ነው አልልም። ግን ጸሐፊው በአራተኛ ነጥባቸው «ተጨመረላችሁ» ያሉን ይህንኑ ጭማሪ ነው። የግብር ቅነሳውንም የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴዩ ሲለምን ነው የኖረው። ያማረረ ሰው ባይኖር ኖሮ ሠንጠረዡ ዛሬም የ2008ቱ ነበር።

ጸሐፊው ደመወዝተኛ ከሆኑ የሐምሌ 2017ን የደመወዝ ወረቀታቸውን አውጥተው ከሰኔው ጋር ያስተያዩት። ልዩነቷን አማራሪዎቹ ናቸው ያመጡላቸው።

ይህን ለባልደረባዬም ለአክስቴም እልከዋለሁ። አክስቴ ለሌላ ሃያ ሰው ታስተላልፈዋለች፣ አታነበውም። ለአከራያችን ግን ጽሑፉን ትቼ ከደብተሩ የኪራዩን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስቼ ልላክላቸው እያልኩ ነው። ባለቤቴ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ» ብላኛለች።